አመድ ውስጥ የተገኙት ሰማንያ አንድ ስልኮች

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ባጃጄ ዳግመኛ አትነሳ፤ ከተነሣችም ጣርማበር ዳገት መሐል ላይ ትቁም። እንዲህ የምምለው የሚጠራጠረኝ ስላለ አይደለም። በሸዋ ሮቢት የባጃጅ ተራ “ኸድር ካለ አለቀ” የሚባልልኝ ሰው ነኝ። አይባልም የሚሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ቢኖሩም አንዱ አማቼ ነው፤ እሱ አይቆጠርም።

ዓርብ ነበር። ሙቀቱን ልንገራችሁ፤ አስፋልት ሲያቋርጥ የቆመ በግ ሰኮናው ተጣብቆ አራት ሰው ጎትቶ ሲያላቅቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ጸደንያ ከፖሊስ ጣቢያው በር እጇን አነሣች። የጣቢያው መኪና ለሌላ ሥራ ካራቆሬ ሄዶ ስለነበር ሕግና ሥርዓት በእኔ ባጃጅ ላይ ወደቀ።

ኢንስፔክተር ጸደንያን ለማታውቋት፣ ከደጋ ተመድባ የመጣች፣ በልጄ ዕድሜ ያለች መርማሪ ናት። “አንቺ ይበሉኝ” ብላ ስለገዘተችኝ አንቺ እላታለሁ እንጂ ክብሯ ለአንቱም የሚበቃው አልነበረም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራ አታውቅም። አንድ ጊዜ የጠፋ ግመል ከሰባት መቶ ግመል መሐል በአረማመዱ ብቻ ለይታ አውጥታለች። ሰባት መቶ ያልኩት አሳንሼ ነው።

“ጋሽ ኸድር፣ ኮሌጁ ድረስ ያድርሱኝ።”

“ሰው ሞተ?”

“ስልክ ጠፋ።”

“ለአንድ ስልክ ነው አንቺን የሚያስነሱሽ?”

“ለሰማንያ አንድ” አለች።

ጥሩንባዬን አንዴ ነፋሁት። የባጃጄ ጥሩንባ እንደ ግመል ግልገል ነው የሚጮኸው፤ ከሮቢት እስከ ቀወት እንደ እሱ ያለ የለም። ሲሰማ አህያ ሳይቀር መንገድ ይለቃል።

*

የግብርና ኮሌጅ ነው፤ ስሙን አልጠራም። በወንዶች ማደሪያ ሁለተኛው ብሎክ ውስጥ መብራት ለሦስት ቀን ጠፍቶ ከርሞ ዓርብ ረፋድ ላይ መጣ። ልጆቹ ስልካቸውን ሁሉ ሰክተው ግማሹ ወደ ጁምዓ፣ ግማሹ ወደ ምሳ ወጣ። ሲመለሱ ሰማንያ ሁለት ቻርጀር ከየግድግዳው ተንጠልጥሏል፤ ስልክ ያለው ግን በአንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

የኮሌጁ ዲን አቶ ተሻለ በኮሪደሩ ይንጎራደዳሉ። “ሌባው ማንም ይሁን ማን ይባረራል። ምረቃ አንድ ወር ቀርቶታል ብዬ አልራራም። ደብዳቤውን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አድርጌበታለሁ። የጎደለው ስም ብቻ ነው።”

ወረቀቱን አሳዩን። እውነትም ከስም በቀር ምንም አልጎደለውም።

ኢንስፔክተር ጸደንያ ከአልጋ አልጋ ዞረች። ላፕቶፕ አለ። ትራስ ሥር ገንዘብ አለ። በየትራሱ ላይ ደግሞ ከደብተር በተቀደደች ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል። አንዱን ፈታችው፤ ሲም ካርድ ነው።

“ቤተሰብ ሲደውል እንዳይጨነቅ የሚያስብ ሌባ” አለች ለራሷ።

ያልተወሰደው ስልክ የሱሌይማን ነበር። ልጁ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ስልኩ ከብሎኩ ሁሉ ውዱ ነው፤ ዋጋው ሁለት በሬና አንድ ጊደር ያወጣል። እኔ ወዲያው ጠረጠርኩት።

“ያንተን ለምን ተወው?” አለችው።

“እኔ ምን አውቄ።” ሱሌይማን ትከሻውን ነቀነቀ። “ምናልባት ስልኬን ስለማላውስ ይሆናል።”

“ለማን?”

“ለማንም። እናቴ እንኳ ፎቶ ልይ ስትለኝ እጄ ላይ እንዳለ ነው የማሳያት።”

ከኮሪደሩ ጥግ አንድ ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፏል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ሙጂብ ይባላል። ቀበቶው በሚስማር አዲስ ሦስት ቀዳዳ ተበጅቶለት ጫፉ ወገቡን ዞሮ ጀርባው ጋ ደርሷል።

“የእናቴ ገንዘብ በስልኬ ነበር” አለ ቀና ሳይል። “የዓይኗ። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ጎረቤት አዋጥቶ ለእኔ ነው የላከው። ሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሐኪም ጋ ቀጠሮ አላት። ያ ቀጠሮ ካመለጠ ሐኪሙ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።”

እናቱን እትዬ ኑርሃንን አውቃቸዋለሁ። ቀወት መንገድ ዳር ማሾ የሚባለውን የቆላ ጥራጥሬ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ደረቴን ነፋሁና “አይዞህ፤ ከሰኞ በፊት ስልክህ እጅህ ይገባል፤ ኸድር ብሎሃል” አልኩት። ልጁ ከማመስገን ይልቅ አንገቱን ደፋ። ነገሩ ገርሞኝ ነበር።

“ያንተ ሲም የት አለ?” አለችው ኢንስፔክተሯ።

“እሱም የለም።”

“ስድስት ሰዓት ተኩል ላይስ የት ነበርክ?”

“ጁምዓ። ከሱሌይማን ጎን ነው የሰገድኩት።”

ደብተሯን ከፍታ አንድ መስመር ጻፈች። ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት፤ “ለሰማንያው ያዘነ ለአንዱ ለምን ጨከነ?” ይላል።

*

“ሌባው ፍቃዱ ነው” አልኳት ባጃጅ ውስጥ። ፍቃዱ ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክ ይጠግናል። የእኔን አንዴ ጠግኖልኝ ስልኬ እስከ ዛሬ በቻይንኛ ነው የሚያናግረኝ።

የፍቃዱ ሱቅ ከባጃጄ ትጠባለች። ስንገባ እሱ ለመተንፈስ ወጣ።

“እኔ ሰማንያ አንድ ስልክ ብገዛ” አለ፣ “የቱ ጋ እቆማለሁ? ስልኮቹ ይሽጡኝ?”

“ከኮሌጁ ልጆች ጋር ግን ትሠራለህ” አለች ኢንስፔክተሯ።

“እሱን አልክድም። ዓርብ ዓርብ ያስይዛሉ፤ የቅዳሜ የኳስ ጨዋታ አለ። ቤቲንግ። እሁድ ከበሉ ሊያስለቅቁ ይመጣሉ፤ ከተበሉ ደግሞ ሌላ ነገር ሊያስይዙ ይመጣሉ። ሁሉም ‘በአንድ ጨዋታ ነው የተበላሁት’ ይላል። በሁለት ጨዋታ የተበላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።”

“ሙጂብስ?”

ፍቃዱ መፍቻውን አስቀመጠ። “እሱ በመጽሐፍ ጀመረ። ቀጥሎ ጫማ። ከዚያ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ።”

“በሮቢት ሙቀት ብርድ ልብስ ማን ይይዛል?” አልኩ።

“አልያዝኩም። ባለፈው ወር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ‘ሽጥልኝ፤ ብመለስም እንዳትሰጠኝ’ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ወላዲቷን። ማታ ቤቲንግ ቤቱ በር ላይ ሳልፍ በጓደኛው ስልክ ቲኬት ይቆርጣል። በነጋታው የራሱን ለመነኝ፤ መለስኩለት።”

ኢንስፔክተሯ ስታስብ የግራ ቅንድቧ ትነሣለች። ያን ቀን ከቆቧ በላይ ወጥታ ነበር ብል አይበዛም።

*

ወደ ኮሌጁ ስንመለስ አቶ ተሻለ ሌባውን ይዘው ጠበቁን። ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ነው ያሉት። በማደሪያው ወለል ላይ ከአልጋ አልጋ የተንጠባጠበ አመድ ተገኝቷል፤ አመድ ያለው ደግሞ ወጥ ቤት ነው፤ ስለዚህ ሌባዋ ወጥ ሠሪዋ ሙሚና ናት።

ሙሚና ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። ከወገቧ ሰፋ፣ ከምላሷ ሰላ ያለች ሴት ናት።

“አመድ ያለው እኔ ቤት ብቻ ነው? ጋሽ ተሻለ፣ የእርስዎ ቤት በምን ይበስላል፣ በደብዳቤ?”

ኢንስፔክተሯ ፈገግታዋን ውጣ በወረቀት የያዘችውን አመድ አሳየቻት። ሙሚና በሁለት ጣቷ ፈተገችው።

“የኔ አይደለም። የኔ ከሰልና ግንድ አለበት፤ ሻካራ ነው። ይሄ በወንፊት ተነፍቷል። እዩት፣ ዱቄት ነው።”

“አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ከሁለተኛ ብሎክ የማይበላ ልጅ አለ?”

“የምግብ ካርዱን የሸጠ ማለትሽ ነው? ስድስት አሉ። እኔ አውቄ እንዳላወቀ እጨልፍላቸዋለሁ።” አቶ ተሻለን አየት አድርጋ ቀጠለች። “እኔ የተራበ ሰው አውቃለሁ፤ የተራበ ሰው ሳህን ያያል። እነዚህ ሳህኑ ፊታቸው ተቀምጦ ስልክ ነው የሚያዩት። በመጀመሪያ ይጮኻሉ፣ ይሣቃሉ፣ ጓደኛ ይጋብዛሉ። ቀጥሎ ለብቻቸው መቀመጥ ይጀምራሉ። ከዚያ ስትጠይቂያቸው ይቆጣሉ። ሙጂብ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ሳምንት ግን ሌላ ነው። ረቡዕ መጥቶ ‘እትዬ ሙሚና፣ ሰው ራሱን እንዴት ያስራል?’ አለኝ።”

“ምን አልሽው?”

“ብላ አልኩት። እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ።”

ኢንስፔክተሯ አመዱን ወደ ወረቀቱ ስትመልስ አንድ ነገር ተንከባለለ። ጎንበስ ብላ በጥፍሯ አነሣችው። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከዶቃ የምታንስ ፍሬ ናት።

“ምንድን ነው ይሄ?”

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኔ ይዞራል፤ ስለ ራሴ መናገር ባልወድም ምን ላድርግ። “ማሾ ነዋ” አልኳት። “የደጋ ሰው ስለሆንሽ አይፈረድብሽም። ቆላ ያለ ገበሬ ለዘር የሚያስቀምጠውን ማሾ በተነፋ አመድ ለውሶ በቅል ወይ በጎታ ይከተዋል። ነቀዝ እንዳይነካው። አያቴ በአመድ ያስቀመጠው ማሾ ከአርባ ዓመት በኋላ ወጥቶ በሦስት ቀን በቅሏል።”

“የሚሸጠውንስ ማሾ?”

“የሚሸጠውን ማን በአመድ ይለውሰዋል? ገበያ ላይ ማን ይገዛዋል? አመድ ውስጥ የሚገባው ተመልሶ የሚፈለገው ነው። ቤት ሙሉ ሰው ቢራብ እንኳ እሱ አይነካም።”

ኢንስፔክተር ጸደንያ ፍሬዋን በመዳፏ ይዛ ቆመች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሱሌይማን ጋ ደወለች፤ በብሎኩ ሊደወልለት የሚችል እሱ ብቻ ነበርና።

“ሙጂብ ከጎንህ ሰግዷል?”

“አዎ፤ ኹጥባው ሲጀመር ከጎኔ ነበር።”

“ሲያልቅስ?”

“ሲያልቅ ሸበጡ በሩ ላይ አልነበረም። የኔን ጫማ ከሸበጡ አጠገብ ስላስቀመጥኩ አስታውሳለሁ። ቀድሞ ወጥቷል።”

ስልኩን ዘጋችው። “ጋሽ ኸድር፣ ነገ ቀወት ያደርሱኛል?”

“ሌባውን አወቅሽው?”

“አውቄዋለሁ። ለምን እንደሰረቀ ግን ከራሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ፊቱን ሳላየው ስሙን ለአቶ ተሻለ ብሰጥ ያቺ ደብዳቤ በአንድ ደቂቃ ትሞላለች።”

በዚያች ሰዓት ነው ይህች ልጅ ጄኔራል መሆን እንዳለባት የገባኝ።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በቀወት መንገድ በሰዓት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ባጃጅ እንደዚያ አይሮጥም የሚል ሰው ይኖራል። የእኔን አላየም። ግራና ቀኝ ያለው የማሽላ አገዳ በንፋሳችን ይተኛ ነበር፤ አንድ ገበሬ አውሎ ነፋስ መስሎት ልጆቹን ቤት ሲያስገባ አይቻለሁ።

እትዬ ኑርሃን ከደጃቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው በሰፌድ ላይ ማሾ በእጃቸው እየዳሰሱ ይለቅማሉ። ዓይናቸው ነጭ ሆኗል፤ ጣታቸው ግን ጠጠሩን ከፍሬው ይለያል።

“አሰላሙ ዓለይኩም፣ እትዬ ኑርሃን።”

“ወዓለይኩም ሰላም። ኸድር፣ ጥሩንባህን ከወንዙ ማዶ ሰምቼዋለሁ። አብራህ ያለችው ማን ናት? የቆዳ ጫማ አድርጋለች።”

ኢንስፔክተሯ ራሷን አስተዋወቀች። ሙጂብ ከቤት ወጣ። ሲያየን ፊቱ እንደ አመዱ ሆነ።

“ተቀመጥ” አለችው በዝግታ። “ምንም አልጠይቅህም። ሰዓት ስንት ነው?”

“ስልክ የለኝም።”

“እኔ አለኝ። ለዘጠኝ ሰዓት አንድ ደቂቃ ይቀራል። ጨዋታው በዘጠኝ ነው የሚጀምረው አይደል?”

አንዲት ዶሮ አለፈች። ከዚያ ከቤቱ ውስጥ፣ ከጥግ ካለው ትልቁ ጎታ፣ ድምፅ ተነሣ። መጀመሪያ አንድ ነበር፤ ቀጥሎ አሥር፤ ቀጥሎ ሰማንያ አንዱም። ልጆቹ ሁሉ ቲኬት የሚዘጋበት ሰዓት እንዳያመልጣቸው ስልካቸውን በዘጠኝ እንዲጮኽ ሞልተውት ነበር። አንዱ እንደ ዶሮ ይጮኻል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ “ተነሣ፣ ተነሣ” ይላል። ጎታው ተንቀጠቀጠ፤ በአፉ አመድ እንደ ጭስ ወጣ። ሙጂብ ስልኮቹን ነቀዝ እንዳይበላቸው ሲጠነቀቅ ማጥፋቱን ረስቶት ነበር።

ሙጂብ በጓሮ በር ሮጠ። ኢንስፔክተር ጸደንያ የቁልቋሉን አጥር፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ሳትነካው ዘላ ከፊቱ ቆመች።

“ከማን ነው የምትሸሸው?” አለችው። “ከእኔ እንዳይሆን። እኔ አንተን ከመያዜ በፊት አንተ ራስህን ይዘሃል።”

ልጁ እዚያው ቁጭ አለ። ከዚያ ተናገረ።

“የራሴን ብቻ ብደብቅ የጓደኛዬን እዋሳለሁ። ሞክሬዋለሁ። አንዱ ቢከለክለኝ ሌላው ያውሰኛል፤ ሁላችንም እንዋዋሳለን። የእናቴ ገንዘብ ሰኞ ድረስ ከእኔ ጋር መክረም ነበረበት። ቅዳሜን አልፋታለሁ ብዬ ማልኩ፤ ሐሙስ ላይ ግን ጣቴ ራሱ መቁጠር ጀመረ። እጥፍ ባደርገው የመመለሻዋም ይሆናል እያልኩ። ስለዚህ ከራሴ ሌላ የሚያውሱኝን ሁሉ ስልክ ወሰድኩ። የአባቴ በነበረው ስልቻ አመድ ይዤ ሄድኩ። ዓርብን የመስኖ ቦይ ዳር ደብቄው ዛሬ ጠዋት በአህያ አመጣሁት።”

“ሱሌይማን ግን አያውስህም።”

“እሱ አያውስም።”

“የሁሉንም ሲም ትተህ ያንተን ብቻ የወሰድከውስ?”

“ሲሙ ካለ በማንኛውም ስልክ ገንዘቡ ይወጣል።” ከእግሩ ሸበጥ ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለች ሲም አውጥቶ ሰጣት። “እርስዎ ይያዙልኝ። እኔ ራሴን አላምነውም።”

ገንዘቡ ሳንቲም አልጎደለም ነበር። እትዬ ኑርሃን ሰኞ ደብረ ብርሃን ሄዱ፤ ማክሰኞ ዓይናቸው ላይ የታሰረው ጨርቅ ተፈታ።

*

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኢንስፔክተር ጸደንያ ሰማንያ አንዱን ስልክ ይዛ ኮሌጁ አዳራሽ ገባች። አቶ ተሻለ ብዕራቸውን ከፍተው ደብዳቤያቸውን ዘረጉ።

“ስሙን ንገሪኝ።”

ብዕሩን ተቀብላቸው ባዶው ቦታ ላይ “ቤቲንግ” ብላ ጻፈችና መለሰችላቸው። “እሱን ያባሩት” አለች። “ልጁ ስልኮቹን መልሷል፤ ክስ አለኝ የሚል ተማሪ ይነሣ።” ሰማንያ ልጅ ተቀምጦ ቀረ። አንዱማ ያለቅስ ነበር፤ አዳራሹ በእንባ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞልቷል ያሉም አሉ፤ እኔ እስከዚያ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የፈለገ ልጅ ስልኩን ሙሚና ጋ ያስቀምጣል፤ ጨዋታው አልቆ ራቱን ሲበላ ይወስዳል። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ለብቻው መቀመጥ የጀመረ፣ ካርዱን የሸጠ፣ “በአንድ ጨዋታ ነው” ያለ ጓደኛ ሲያዩ አይስቁበትም፤ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ኢንስፔክተሯ ያስተማረቻቸው ይህን ነው፤ ከአንድ የማሾ ፍሬ ተነሥታ። የእኔ ድርሻ ትንሽ ነበረች። በዚያ ፍጥነት ሞተሩ ስለተቃጠለ ባጃጄ ጋራዥ ገብታ ለአንድ ወር በእግሬ ሄድኩ፤ አልቆጨኝም።

*

ጽሑፉን ለማተም ከመስጠቴ በፊት ልጃቸው ስላለበት ለእትዬ ኑርሃን ላነብላቸው ሄድኩ። ከዚያው ዛፍ ሥር ነበሩ፤ ማሾ ይለቅማሉ። አሁን በዓይናቸው ነው የሚለቅሙት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ጨረስክ?”

“ጨረስኩ፣ እትዬ።”

“ንባብህ ጥሩ ነው።” አንዲት ጠጠር አንሥተው ጣሉ። “ስልኩ ግን አንድ ነው።”

“ማለት…”

“ጎታም የለኝም። ያለኝ ቅል ነው፤ ይኸው።” ከጀርባቸው ያለውን ቅል በእጃቸው ነካ አደረጉ። “ኢንስፔክተሯን አውቃታለሁ፤ ማሾ ትገዛኛለች። ያን ሰሞን ግን ወልዳ የአሥር ቀን አራስ ነበረች። አጥር አልዘለለችም።”

ወረቀቶቼን አጣጠፍኩ።

“ሙጂብ የማንንም አልሰረቀም” አሉ። “ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በእግሩ መጣ። እዚህ፣ አንተ ያለህበት ተቀመጠ። ‘እማ፣ የዓይንሽን ገንዘብ ተበላሁት’ አለኝ። ሁሉንም። ስልኩን እጄ ላይ አድርጎ ‘ዘር የምታስቀምጪበት አስቀምጪልኝ፤ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ’ አለ። ቅዳሜ ሁለቴ ለመነኝ። እሁድ አንዴ። ቅሉን ታቅፌ ነው የተኛሁት።”

“እትዬ፣ ልጁን ሰው እንዳይንቀው ብዬ ነው።”

“አውቄያለሁ። እኔ ግን ልጄን ብልህ ሌባ ብለው ከሚያደንቁት፣ ተበልቶ ሲያበቃ መጥቶ ለእናቱ ነገራት ቢሉት እወዳለሁ። እሱ ነው የከበደው።”

ሰፌዱን አንዴ ነቀነቁት። ማሾው ተንሿሿ።

“እሁድ ‘ገንዘቡ ተገኘ፣ እትዬ’ ብለህ አመጣህልኝ። ከየት እንደተገኘ አልጠየቅኩህም። ሞተሯ ተቃጥሎ ጋራዥ ነው የገባችው አልክ?”

“በፍጥነቱ የተነሣ…”

“ኸድር።” ቀና ብለው በአዲሱ ዓይናቸው አዩኝ። “ሐኪሙ ዓይኔን ከሠራው በኋላም ጨርቁ እስኪነሣ ቤት ተኝቼ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ክፍት ነው። ባጃጅህ ያን ወር ሙሉ በዚህ መንገድ ታልፍ ነበር። ጥሩንባዋን አውቃታለሁ። አስይዘሃት፣ ሌላ ሰው ነበር የሚነዳት። አንተ ከኋላዋ በእግርህ ትመጣ ነበር፤ እያፏጨህ።”